ሶፋው ገባ፣ በሩ አልከፈት አለ፦ ስለ ክፍል ፕላን ሶፍትዌር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

እህቴ ደብረ ማርቆስ ቤት ስትቀይር ኤል ቅርጽ ሶፋ አማራት። ሳሎኗ 4 ሜትር በ3 ሜትር ከ60 ነው። ለአናጺው ያሳየችው ግን ስልኳ ላይ ያለ ፎቶ ብቻ ነበር። ሶፋው መጣ፤ ቆንጆ ነው። በሩ ግን ከግማሽ በላይ አልከፈት አለ። አናጺውን ብትጠይቀው «እታለም፣ የበሩን ነገር ማን ነገረኝ?» አላት። እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ዕቃ ሊያሠራ ባሰበ ቁጥር ላፕቶፔን ይዤ እሄዳለሁ፤ ክፍሉንና ዕቃውን በልካቸው በሚስል ሶፍትዌር ቀድመን እናየዋለን። ስለነዚህ ሶፍትዌሮች ያልሰማሁት ወሬ የለም። አብዛኛው ስህተት ነው።

«ይሄ የኢንጂነር ሥራ ነው፤ አውቶካድ ሳይማሩ አይሞከርም»

አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ፣ ባለሙያዎች ንድፍ የሚሠሩበት ከባድ ሶፍትዌር ነው። አልጋ የት ይቁም ለማለት እሱን መማር ዝንብን በመድፍ ነው። ስዊት ሆም ስሪዲ የሚባለው የክፍል ፕላን መሳያ ይበቃል። ግድግዳ ትስላላችሁ፣ በርና መስኮት ትሰካላችሁ፣ ዕቃውን ከዝርዝሩ ጎትታችሁ ታስገባላችሁ። ከላይ ፕላኑን፣ ከታች ቤቱን ቆሞ ታዩታላችሁ። አቦል ሲቀዳ የጀመረ ሰው በረካ ላይ አንድ ክፍል ይጨርሳል።

«ነፃ ከሆነ ረብ የለውም»

ስዊት ሆም ስሪዲ ነፃ የሆነው ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው እንጂ ስለተናቀ አይደለም። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ይልቅ የሚያስፈራኝ በፍላሽ የሚዞረው ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ) «ትልቅ» ሶፍትዌር ነው። ብዙ ጊዜ ከነቫይረሱ ነው የሚመጣው።

«በብራውዘር የሚሠራው ይቀላል»

ፍሎርፕላነርም ሆነ ነፃው ስኬችአፕ በብራውዘር ይከፈታሉ፤ ጥሩም ናቸው። ግን እዚህ ጎጃም ኔት ሲሄድ ፕላናችሁም አብሮ ይሄዳል። አንዴ አውርዳችሁት ያለ ኔት የሚሠራውን ምረጡ። ባትሪ እስካለ ድረስ መብራት ቢጠፋም ግድ የለም።

«ኮምፒውተር ስለሚያሰላው ልኬቱ አይሳሳትም»

ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያሰላው እናንተ የሰጣችሁትን ነው። «ወደ አራት ሜትር ይሆናል» ብላችሁ ብታስገቡ አራት ሜትር ብሎ ይስለዋል፤ አይከራከራችሁም። በእርምጃና በስንዝር ተዉት፤ የብረት ሜትር ያዙ።

ሌላም አለ። ስዊት ሆም ስሪዲ ላይ ግድግዳ ስትስሉ የሚታየው ርዝመት ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ነው። ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከሆነና 4 ሜትር ብላችሁ ከሳላችሁ፣ ውስጡ የሚቀረው 3 ሜትር ከ80 ብቻ ነው። ቤቱን ከውስጥ ለክታችሁ 4 ሜትር ካገኛችሁ 4 ሜትር ከ20 አድርጋችሁ ሳሉት። እኔ ይህን ሳላውቅ የአክስቴን ቁም ሳጥን ያለ ቦታው አሳንሼዋለሁ። እስካሁን ታነሳብኛለች።

የጭቃ ቤት ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ግድግዳው ታች ሰፍቶ ላይ ይጠባል፤ ማዕዘኑም እንደ ልቡ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ጥግ ተሻግራችሁ በሰያፍ እስከ ተቃራኒው ጥግ ለኩ። የእህቴ ሳሎን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ቢሆን ሁለቱም ሰያፎች 5 ሜትር ከ38 ገደማ መምጣት ነበረባቸው። አንዱ 5 ሜትር ከ45 መጣ። ኤል ሶፋ ጥግ ላይ ለምን እንዳልገጠመላት ያኔ ገባኝ።

«ስልኬ በካሜራው ይለካልኛል»

ለግምት ያህል ይሆናል። በካሜራ ብቻ የሚገምት ስልክ ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትሮችን ሊስት ይችላል፤ ቁም ሳጥን አልገባም የሚለው ደግሞ በሁለት ሳንቲ ሜትር ነው።

«ዝርዝሩ የፈረንጅ ዕቃ ብቻ ነው»

እውነት ነው፣ ረከቦት የለውም። መሶብም የለውም። ግን ተራ ሳጥን አለው፤ ወርዱን፣ ጥልቀቱንና ቁመቱን ቀይራችሁ «ረከቦት» ብላችሁ ሰይሙት። አልጋውንም እንዲሁ፦ ሜትር ከሃያ ከሆነ 120 በ190 ሳንቲ ሜትር አድርጉት። መጀመሪያ ግን መለኪያው ኢንች ላይ አለመሆኑን እዩ። ቡና ለሚያፈላው ሰው በርጩማ፣ ለቄጠማው፣ ለከሰሉ ምድጃ ቦታ አስቀሩ፤ ሶፋ ሻጭ ይህን አያስታውስላችሁም። የገጠር ክብ ቤት ላለው ደግሞ፣ ግድግዳውን ቅስት ማድረግ ይቻላል።

«ስክሪኑ ላይ ከገባ ቤትም ይገባል»

ስክሪኑ ላይ ሶፋ ከሰማይ ነው የሚወርደው። በእውኑ ግን በበር ነው የሚገባው፤ ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ በደረጃው መታጠፊያ። የበሩንና የደረጃውን ስፋት ለብቻ ጻፉ። በሩ ሲከፈት የሚጠርገውን ቅስት ፕላኑ ራሱ ያሳያችኋል፤ እዚያ ላይ ምንም አታስቀምጡ። ሶፍትዌሩ በሚያወጣው የሚያምር ምስልም አትሸወዱ፤ የምስሉ ካሜራ ሰፋ አድርጎ ስለሚያይ ጠባቡን ሳሎን አዳራሽ ያስመስለዋል።

እህቴ ሶፋውን አልመለሰችም። በሩን ገልብጣ ወደ በረንዳው እንዲከፈት አስደረገች። አሁን ነፋስ ሲነሳ በሩን ይዞት ይሄዳል፤ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ አስቀድማ ድንጋይ ታስደግፈዋለች።