የሆላንድ ከተማ የመጀመሪያ ሰባኪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ሆላንድ የተባለች ከተማ በ1847 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በደች ስደተኞች ተቆረቆረች። የጉባኤዋ (የምእመናን ኅብረቷ) የመጀመሪያ መሪ አልበርቱስ ቫን ራልቴ ሰባኪም የሰፈራው አስተባባሪም ነበር። ስለ እርሱና ስለ ባልንጀሮቹ ከሚነገረው ውስጥ ግን መታረም ያለበት ብዙ ነው።

«ያሰደዳቸው የሃይማኖት ጭቆና ብቻ ነው።»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። በ1834 ሄንድሪክ ደ ኮክ የተባለ ሰባኪ በኡልሩም መንደር ከመንግሥት ጋር ከተሳሰረችው የኔዘርላንድስ ሪፎርምድ (የካልቪንን ትምህርት የምትከተል ፕሮቴስታንት) ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑን ይዞ ሲለይ፣ መንግሥት ከናፖሊዮን ዘመን የቀረውን፣ ከ20 ሰው በላይ ያለ ፈቃድ መሰብሰብን የሚከለክለውን ሕግ ጠቅሶ ተገንጣዮቹን መቅጣት ጀመረ። ሰባኪዎች ታሰሩ፤ የገንዘብ መቀጫ ተጣለባቸው፤ ወታደሮችም በምእመናን ቤት እንዲያድሩ ተደረገ። ቫን ራልቴም ደጋግሞ ተቀጥቷል። ይሁን እንጂ ዳግማዊ ዊሌም በ1840 ከነገሠ ወዲህ ጫናው ላልቶ ነበር፤ ቫን ራልቴ ከሮተርዳም የተሳፈረው ደግሞ በ1846 መስከረም ነው። በመካከሉ፣ በ1845፣ የድሆች ዋና ምግብ የነበረውን ድንች በሽታ አጠፋው፤ ቀድሞውንም ሥራ ያጣው ሕዝብ ለረሃብ ተጋለጠ። ቫን ራልቴና የሚስቱ እህት ባል የነበረው ሰባኪ አንቶኒ ብሩመልካምፕ ስለ ስደቱ ሲጽፉ፣ የድሆቹን እንጀራና ልጆችን በራስ እምነት የማስተማር ነፃነትን ሳይነጣጥሉ ነው ያነሱት። ረሃቡን ከታሪኩ ማውጣት፣ እነዚህ ሰባኪዎች ለምእመናኖቻቸው ኑሮ የነበራቸውን ጭንቀት መሰወር ነው።

«ቫን ራልቴ ሚሺጋንን አስቀድሞ መርጦ ነበር።»

ያሰበው ወደ ዊስኮንሲን ነበር። ክረምቱ የሐይቁን የመርከብ ጉዞ ስለዘጋበት ዲትሮይት ላይ ቆመ፤ የአካባቢው ሰዎች ስለ ምዕራብ ሚሺጋን የነገሩትም አሳብ አስለወጠው።

«የሰፈሩበት ምድር ባዶ ጫካ ነበር።»

ጫካስ ነበር፤ ባዶ ግን አልነበረም። የአለቃ ዋካዙ ወገን የሆኑ ኦታዋ የተባሉ የአገሬው ተወላጆች በዚያ ይኖሩ ነበር፤ ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ሚሲዮናዊም አብሯቸው ነበር። ቫን ራልቴ በ1847 መጀመሪያ በበረዶ ውስጥ ቦታውን ሲቃኝ የረዱት እነዚሁ ነዋሪዎች ናቸው። ሰፋሪዎቹ እየበዙ ሲመጡ ግን አብሮ መኖሩ አስቸጋሪ ሆነ፤ ኦታዋዎቹም በ1849 ወደ ሰሜን፣ ወደ ሊላኖ ልሳነ ምድር ተሻገሩ። ይህን ሳይጠቅሱ የቅኝቱን ጀግንነት ብቻ መተረክ አግባብ አይመስለኝም።

«ሁሉም በአንድ ቃል መሪዎቻቸውን ይከተሉ ነበር።»

ከሁሉም የራቀው ይህ ነው። በሆላንድ የሕዝብ ሸንጎ ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ይመክር ነበር፤ በጉባኤው ውስጥም ሽማግሌዎች ከሰባኪው ጋር ይወስኑ ነበር። በአዮዋ ግዛት ፔላ የተባለችውን የደች ሰፈራ የመሠረተው ሌላው ተገንጣይ ሰባኪ ሄንድሪክ ስኾልተ እንኳ በከተማ መሬት ሽያጭ ምክንያት በተነሣ ክርክር በገዛ ጉባኤው ሽማግሌዎች ታግዷል። በሚሺጋን ደግሞ በ1850 ቫን ራልቴ የደች ጉባኤዎቹን በምሥራቅ አሜሪካ ከነበረችው ነባር ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሲያዋህድ፣ ያልተዋጠላቸው ነበሩ። በ1857 ሚያዝያ የአካባቢው ጉባኤዎች ተወካዮች ሲሰበሰቡ የመለያየት ደብዳቤዎች ቀረቡ። በሆላንድ አቅራቢያ ካለችው ከግራፍስካፕ መንደር የመጣው ምክንያቶቹን ዘርዝሯል፦ ከመዝሙረ ዳዊት ውጭ የሆኑ 800 ያህል መዝሙሮች መግባታቸውን፣ የጌታ ራት ለሌሎች ቤተ እምነቶች ሰዎች ክፍት መሆኑን፣ በካቴኪዝም (እምነትን በጥያቄና መልስ በሚያስተምር መጽሐፍ) ላይ የተመሠረተ ስብከት ችላ መባሉን። ደብዳቤውን የላኩት ከቫን ራልቴ ጋር አንድ የእምነት መግለጫ የነበራቸው፣ በአገር ቤትም እንደ እርሱ ስለ እምነታቸው ዋጋ የከፈሉ ወገኖች ናቸው። የዛሬዋ ክርስቲያን ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረችውም ያን ጊዜ ከተለዩት አራት ጉባኤዎች ነው።