አጭር ልቦለድ መጻፍና መተንተን፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ

አዲስ አበባ መሀል ላይ አጭር ልቦለድ መጻፍ የለመደ ሰው ብትጠይቁ አብዛኛው አንድ ቦታ ገብቶ ተምሮ አልወጣም፣ ትንሽ ከስድስት ኪሎ፣ ትንሽ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከወመዘክር፣ ብዙውን ደግሞ ከጓደኛ ጋር ካፌ ተቀምጦ ነው የለቀመው።

መደበኛው መንገድ ስድስት ኪሎ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነጽሑፍ የሚያጠኑ ልጆች አንዷን አጭር ታሪክ ይዘው ሴራ (ድርጊቶቹ የተያያዙበት መንገድ)፣ ግጭት፣ ገጸባሕርይ፣ መቼት (ታሪኩ የሚሆንበት ጊዜና ቦታ)፣ አንጻር (ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ)፣ ጭብጥ (ዋና ሐሳቡ) እያሉ ይፈቷታል። ቃላቶቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ልቦለድ የሚለውን ብናይ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ስሙ ልብ ወለድ ታሪክ ነበር፣ ጦቢያ እያልን የምንጠራው ማለት ነው። መቼት ደግሞ መቼና የት ተጋጥመው የወጣ ቃል ነው፣ ፈጠረው የሚባለውም እዛው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ገጣሚ ደበበ ሰይፉ ነው። ለኔ ከአማርኛ የሙያ ቃላት ሁሉ እንደሱ ያማረ የለም፣ አንዴ ከሰማኸው አትረሳውም።

መቼት ላይ ትንሽ ልቆይ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፣ ስለዚህ ዛሬ እዛ ሰፈር የሚሆን ታሪክ የሚጽፍ ልጅ ዓመቱን ካላወቀ ገጸባሕርይው የሌለ በር ያንኳኳል። አጭር ልቦለድ ደግሞ እንደ ረጅሙ ቦታ የለውም፣ ሰፈሩን ሁለት ገጽ ሙሉ መግለጽ አይቻልም፣ የጥብስ ሽታ ወይ የታክሲ ረዳት ጩኸት አንዴ ጠቅ አድርጎ ማለፍ ነው።

የቆየ ነገር ማንበብ ለሚፈልግ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክር አለ፣ ከገበያ የጠፋ መድበልና የድሮ ጋዜጣ እዛ ቁጭ ብሎ ማገላበጥ ይቻላል።

ዋናው ልምምድ ግን ካፌ ውስጥ ነው። ሦስት አራት ሆነው ማኪያቶ ያዛሉ፣ አንዱ ፕሪንት ያደረገውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ እስክሪብቶ ይዘው ይሰማሉ። ጮክ ብሎ ማንበቡ በጣም ይጠቅማል ምክንያቱም አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ጀማሪ ሲጽፍ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ነበር፣ ነበር፣ ነበር እያለ ያልቃል፣ ዓይን ያልፈዋል ጆሮ ግን ይይዘዋል። አንዴ አንዲት ልጅ «አልማዝ ባሏ ከሞተ በኋላ በጣም አዝና ነበር» ብላ አነበበች፣ ሐዘኑን አሳዪን እንጂ አትንገሪን አሏት፣ በሳምንቱ ስትመጣ ዓረፍተ ነገሩ ጠፍቷል፣ በቦታው አልማዝ ሁለት ሲኒ ቡና ቀድታ አንዱን መልሳ ጀበናው ውስጥ ስትገለብጥ ነበር ያለው። ማንም አልተናገረም፣ ቀጥይ ብቻ አሏት።

ሌላው የሚሰረዘው መጨረሻው ነው፣ ከእንቅልፌ ባነንኩ የሚለው ወይም ታሪኩ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ምክር። መተንተን የሚጠቅመውም እዚህ ጋር ነው፣ የሌላ ሰው ታሪክ ላይ ግጭቱ የት እንደተፈታ በጣቱ ማሳየት የቻለ ሰው የራሱ ታሪክ የቱ ጋር ማለቅ እንደነበረበት ያውቃል፣ ከዛ በኋላ ያለውን አንቀጽ እስክሪብቶው ሳይንቀጠቀጥ ይሰርዘዋል።