«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እና ዮሃን ክራይፍ

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ እ.ኤ.አ. የ1974ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲያነሳ ሰማሁት። ጀርመናዊው ተከላካይ በርቲ ፎግትስ የሆላንዱን ኮከብ ዮሃን ክራይፍን እግር በእግር እየተከተለ እንዴት እንደያዘው ተረከና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው» ብሎ ዘጋው። አላስቻለኝም። ፎግትስ እኮ አንድ ሰው ነው! የቱ ድር ነው ያበረው?

ይህ ተረት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ሸረሪት ነው። እኔ ግን ከሸማኔ ጉድጓድ የወጣ ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ሸረሪት ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ከማን ጋር ልታብር? የሸማኔው ድር ግን ከየቤቱ የመጣ ነው። አያቴ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ እንዝርቷን ስታሾር አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ክሩ ከመቅጠኑ የተነሳ ትንፋሽ ያወዛውዘዋል። ለአንድ ጋቢ ፈትሏ ካነሳት ከጎረቤት ትበደራለች። ሸማኔው ያን ሁሉ ተቀብሎ፣ ሜዳ ላይ ችካል ተክሎ፣ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ድሩን ያደራል። እኛ ልጆች ጠጋ ስንል ይቆጣናል። አንዷ ክር ከላላች ሥራው ይበላሻላ! ገደል የገባ ጥጃ በተገመደ ጋቢ ተጎትቶ ሲወጣም በዓይኔ አይቻለሁ። ጥጃ ካወጣ አንበሳ ማሰሩ ምን ይገርማል?

ለክራይፍ ተረቱ ይስማማዋል፤ ግን እሱ ከድሩ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 አምስተርዳም ተወልዶ ያደገው ከአያክስ ክለብ ሜዳ አጠገብ ነው። 12 ዓመቱ ላይ አባቱ ሞቱ፤ እናቱ እዚያው ክለብ ውስጥ በጽዳት ሠርተዋል። አሠልጣኙ ሪኑስ ሚሸልስ «ቶታል ፉትቦልን» ያቀነቀኑት እሱን ይዘው ነው። አጥቂው ወደ ኋላ ሲሳብ አማካዩ ቦታውን ይይዛል፣ ተከላካዩ ሲወጣ ሌላው ይሸፍናል። በዚያው ፍጻሜ ሆላንዶች ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ኳሷን ተቀባበሉ። ክራይፍ መሀል ሜዳ ላይ ተቀብሎ ፎግትስን አለፈው፣ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ጀርመናዊው ኡሊ ሆነስ ጣለው። የቡድን ጓደኛው ኒስከንስ ፍጹም ቅጣት ምቷን አስቆጠረ። እስከዚያ ድረስ አንድም ጀርመናዊ ኳስ አልነካም። ድር ማበሩ የታየው እዚህ ላይ ነው፤ ጀርመን 2 ለ 1 ማሸነፏ ይህን አይሽረውም።

ድር ሲላላም ታይቷል። አያክስ ከ1971 እስከ 1973 በተከታታይ 3 የአውሮፓ ዋንጫ በላ። በ1973 ክረምት ተጫዋቾቹ በድምፅ ብልጫ አምበልነቱን ከክራይፍ ወስደው ለፒት ካይዘር ሰጡ። ክራይፍ ብዙም ሳይቆይ ወደ ባርሴሎና ሄደ። አያክስ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ከአውሮፓ ዋንጫ በ2ኛው ዙር በቡልጋሪያው ሲኤስካ ሶፊያ ተሸንፎ ወጣ። ክራይፍ ግን ባርሴሎናን ከ14 ዓመት በኋላ የሊግ ሻምፒዮን አደረገ፤ በኋላም በአሠልጣኝነት ተመልሶ በ1992 የክለቡን የመጀመሪያ የአውሮፓ ዋንጫ አመጣ።

ዛሬ ዛሬ ተሰባስበን አንዱን ሰው ማዋከብ ሲያምረን ሁሉ ይህን ተረት እንመዛለን። ያሳዝናል። አያቶቻችን እየተበዳደሩ የፈተሉት ለመልበስ ነው እንጂ ሰው ለማነቅ አይደለም። ተንታኞቻችንም አንድ ለአንድ መያዝን መግለጽ ሲፈልጉ «እንደ ጥላ ተከተለው» የሚል አባባል አላቸው፤ እሱን ይጠቀሙ።