ደመወዝ በስምምነት፦ የአዲስ አበባ ሆቴል ወጥ ቤት ገቢ

በአዲስ አበባ ለሆቴልና ለሬስቶራንት ወጥ ቤት በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ ስለ ደመወዝ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ «በስምምነት»። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል የለም። በመሆኑም ክፍያው እንደ ቤቱ ደረጃና እንደ ተቀጣሪው የመደራደር አቅም ይለያያል።

በትልልቅ ሆቴሎች መሰላሉ ከዕቃ አጣቢ ይነሣና በኮሚ (ጀማሪ ረዳት አብሳይ)፣ በሼፍ ደ ፓርቲ (የአንድ የወጥ ቤት ክፍል ኃላፊ) እና በሱ ሼፍ (ምክትል ሼፍ) በኩል ወደ ዋናው ሼፍ ይወጣል። በ1961 ዓ.ም. ከተመሠረተው የቱሪዝም ማሠልጠኛ የወጣ ባለሙያ በዚህ መሰላል ላይ መነሻው ይታወቃል፤ እንጀራ ጋጋሪዋና ወጥ ሠሪዋ ግን የዓመታት ልምድ ይዘውም ብዙ ጊዜ ከመሰላሉ ውጭ ናቸው።

ለብዙዎች ወሩን የሚያሻግረው ሰርቪስ ቻርጅ፣ ማለትም የአገልግሎት ክፍያ፣ ነው። በሆቴል ደረሰኝ ላይ በተለምዶ 10 በመቶ ይጨመርና ለሠራተኛው ይከፋፈላል፤ በአንዳንድ ቤቶች እንደ ሥራው ደረጃ በነጥብ ይሰላል። ጉርሻ፣ ማለትም ቲፕ፣ በአብዛኛው የሚቀረው አስተናጋጁ እጅ ነው። ምግቡን የሠራው ሰው ከእንግዳው ጋር አይተያይምና።

ችግሩ ያለው ሕጉ ላይ ነው። አዋጁ ከደንበኛ የሚሰበሰብን የአገልግሎት ክፍያ «ደመወዝ» አይለውም። ስለዚህ የትርፍ ሰዓትና የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰሉት በመነሻ ደመወዙ ብቻ ነው። ለምሳሌ 8,320 ብር መነሻ ያለው ሠራተኛ፣ ደመወዙ በወሩ 208 የሥራ ሰዓት ቢካፈል፣ የሰዓቱ ዋጋ 40 ብር ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራው በቀን ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍቱ በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል፤ የፋሲካ ዕለት አንድ ሰዓት 100 ብር ማለት ነው። በሰርቪስ ቻርጅ የመነሻ ደመወዙን እጥፍ ቢያገኝም ስሌቱ አይለወጥም። የጡረታ መዋጮም፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ፣ ያንኑ መነሻ ይከተላል።

ከሁሉ የሚፈተነው የክትፎና የሥጋ ቤት ሠራተኛ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ቤት ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ወይ ያለ ክፍያ ያርፋል ወይ ጾም ምግብ ወደሚሠራበት ይሄዳል። በጥርና በሚያዝያ ደግሞ የሠርግ ድግስ የሚያበስሉ ሴቶች በቀን ሒሳብ እየተጠሩ፣ ወር ሙሉ ቆመው ከሚያገኙት በላይ በጥቂት ቅዳሜና እሑድ የሚይዙበት ጊዜ አለ።