የስኪ ሮከር ምንድን ነው? (ስፋት አይደለም)

«ሮከር ያለው ስኪ ማለት ሰፊ ስኪ ማለት ነው። ሰፊ ከሆነ ዱቄት በረዶ ላይ በራሱ ይንሳፈፍልሃል፤ አንተ ወደ ኋላ ደገፍ ማለት ብቻ ነው።» ዴንቨር ወይም ሲያትል ተቀምጦ የመጀመሪያውን የራሱን ስኪ (በረዶ ላይ ለመንሸራተት ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ረዥም ሳንቃ) ሊገዛ ላሰበ ሰው ይህን የመከረው አስተያየት ሰጪ በሁለት መስመር ሦስት ስህተት አስገብቷል። ሁለቱ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ሦስተኛው ጉልበት ያስከፍላል፣ ያውም ቃል በቃል።

ሮከር ስኪውን ከጎን ስታዩት የሚታይ ቅርጽ ነው። ከላይ ስታዩት የሚታየው ወርድ ሌላ ጉዳይ ነው። ስኪውን ዝርግ ወለል ላይ አስቀምጡት። የድሮው ቅርጽ መሃሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀስታል፣ ወለሉን የሚነካውም ከአፍንጫውና ከጅራቱ አጠገብ ብቻ ነው፤ ይህ ካምበር ይባላል። ሰው ሲቆምበት ቅስቱ ይጫናል፣ ክብደቱም እስከ ሁለቱ ጫፎች ይዳረሳል። ጠርዙ የተጠቀጠቀ በረዶን ከዳር እስከ ዳር የሚነክሰው ለዚህ ነው። ሮከር ግን ተቃራኒው ነው፦ ስኪው ከወለሉ መነሳት የሚጀምረው ጫፉ ጋ ሲደርስ ሳይሆን ብዙ ቀደም ብሎ፣ ወደ ጫማው ቀረብ ባለ ቦታ ላይ ነው። ዛሬ አብዛኛው ስኪ ሁለቱን ይቀላቅላል፤ ከጫማው ሥር ካምበር፣ ከፊት ሮከር፣ አንዳንዴም ከኋላ ትንሽ ሮከር።

ቃሉ ስኪ ላይ ከመድረሱ በፊት የጀልባና የሰርፍ ሰሌዳ ሠሪዎች ቃል ነበር፤ ስለዚህ በጀልባ እናስረዳው። የጣናን ታንኳ አስቡ። ደንገሉ ሲታሰር ፊቱ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ነው። ፊቱ ዝርግ ቢሆን ማዕበሉ በላዩ ይሄድ ነበር፤ ቀና ስላለ ግን ውሃው ከሥሩ ይገባና ታንኳው ማዕበሉ ላይ ይወጣል። አሁን ታንኳውን ሁለት እጥፍ አስፉትና ፊቱን ዝርግ ተዉት። ምን ተገኘ? በሰፊው መስመጥ። ሮከር ያለው አፍንጫ በዱቄት በረዶ፣ ማለትም በትኩስና ባልተረገጠ በረዶ ውስጥ የሚሠራው የታንኳውን ፊት ሥራ ነው፤ ወርዱ ደግሞ የሆዱን ሥራ ይሠራል። ሁለቱ ይረዳዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ታንኳውን ወደ ዳር ጎትታችሁ መሬት ላይ አውጡት። ፊቱ አየር ላይ ነው፣ መሬት የነካው ሆዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እኩል ርዝመት ካለው ዝርግ ሳንቃ ይልቅ እሱን ማዞር ይቀላል። 180 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስኪ ከፊት 40፣ ከኋላ 20 ሴንቲ ሜትር ከተነሳ በጠንካራ በረዶ ላይ ዝርግ ሲሄድ የሚያርፈው 120 ሴንቲ ሜትሩ ብቻ ነው። «ስኪው አጭር ሆነብኝ» ወይም «አፍንጫው ይንቀጠቀጣል፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» የሚባለው ቅሬታ ከዚህ ይመጣል። አልተበላሸም። አየር ላይ ያለ ነገር ይንቀጠቀጣል። በጠርዙ ሲያዘነብል ከተነሳው ክፍል ጥቂቱ ተመልሶ በረዶውን ይይዛል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሮከር ያለውን ስኪ በካምበሩ ዘመን ልኬት የሚገዛ ሰው እውነትም አጭር ስኪ ገዝቷል፤ ሮከሩ ከበዛ 5 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ።

ሮከርና ስፋት እንዴት ተምታቱ? ምክንያት አለው። ሼን ማኮንኪ የተባለው ተንሸራታች የውሃ ስኪ ላይ የስኪ ማሰሪያ (ጫማን ከስኪ የሚያያይዘውን) ገጥሞ አላስካ ላይ ከሞከረ በኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከቮላንት ፋብሪካ የወጣው ስፓቹላ የተባለ ስኪ በአንድ ጊዜ ሁለት እንግዳ ጠባይ ይዞ መጣ፦ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ወደ ላይ የቀሰተ ነበር፣ በጣም ሰፊም ነበር። ወገቡ፣ ማለትም የመሃሉ ወርድ፣ እንዲያውም ከአፍንጫውና ከጅራቱ ይሰፋ ነበር። ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አይቶ አንድ ስም ሰጣቸው። ከዚያ አሥር ዓመት ግድም ቀድመው የወጡት ሰፋፊ ስኪዎች ግን ሮከር አልነበራቸውም። ዛሬም ወገቡ 88 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከፊት ሮከር ያለው ስኪ ከየሱቁ ታገኛላችሁ።

ሌላ መምታታት ደግሞ አለ፣ ይበልጥ ያናድዳል፦ «ጅራቱ ወደ ላይ ስለታጠፈ ሮከር ነው።» አይደለም። ያ ትዊን ቲፕ ነው። የስኪ አምራቹ ሳሎሞን በ1998 ቴንኤይቲ የተባለውን ስኪ ሲያወጣ የተስፋፋው ይህ ቅርጽ ዓላማው ወደ ኋላ መሄድና ወደ ኋላ ማረፍ ነው፤ የሚታጠፈውም የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ናቸው። ትዊን ቲፕ ሆኖ ከሥሩ ሙሉ ካምበር ያለው ስኪ ሞልቷል፤ ዝላይ የሚወዱ ሰዎች የሚመርጡትም ብዙውን ጊዜ እሱን ነው፤ ካምበር ሲጫን እንደ ሞላ መልሶ ይገፋልና።

በነገራችን ላይ ይህ የዝላይ ስኪ የሚጠራበት ፍሪስታይል የሚለው ቃልም ሁለት ጌታ ያገለግላል። ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የተወዳደረበት 15 ኪሎ ሜትር ፍሪስታይል ይባል ነበር፤ ዝላይ ግን የለውም። አገር አቋራጭ ስኪ ውስጥ ቃሉ እንደ በረዶ መንሸራተቻ ጫማ እግርን ወደ ጎን እየገፉ መሄድን ይፈቅዳል ማለት ብቻ ነው። የአገር አቋራጭ ስኪ ካምበርም ሌላ ሥራ አለው፤ በክላሲክ ስልት መሃሉ ላይ የሚቀባውን ሰም እግር እስኪጫን ድረስ ከበረዶው ያርቃል። ከዚያ ዓለም የሰማችሁትን እዚህ አታምጡት።

የምትገዙት ስኪ ስንት ሮከር እንዳለው ለማወቅ ማስታወቂያውን ተዉትና ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ ግጠሟቸው። ሳትጫኑ መሃላቸው ላይ ክፍተት ካያችሁ ያ ካምበር ነው። አሁን መሃሉን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ክፍተቱ እስኪዘጋ ጭመቁ፤ አፍንጫዎቹ እንደ መቀስ ይከፈታሉ። ከአፍንጫው በኩል ስስ ወረቀት ሰዳችሁ ወደ ታች ግፉት። የቆመበት ቦታ ሮከሩ የሚጀምርበት ነው፤ ከዚያ እስከ ጫፍ ለኩ። 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማንኛውም ስኪ ያለው ተራ የአፍንጫ ቅልበሳ ነው። 25 እና 30 መጠነኛ ሮከር ነው፤ 40 ከደረሰ ለጥልቅ በረዶ የተሠራ ነው። ያገለገለ ስኪ ስትለኩ ግን ተጠንቀቁ። ካምበሩ የሞተ ስኪ መሃሉ ላይ ክፍተት ስለሌለው ሮከር ይመስላል፤ ውሃ የጠጣ ታንኳ ነው። ታንኳውን ፀሐይ ላይ አውጥተው ያደርቁታል፣ የሞተን ካምበር ግን የሚመልስ ፀሐይ የለም። ሁለቱ ስኪዎች የተለያየ ቦታ ላይ ከተከፈቱ ደግሞ አንዱ ተጣሟል፤ አትግዙት።

ወደ ሦስተኛው ስህተት እንሂድ፣ ወደ ኋላ ስለመደገፉ። ታንኳው እዚህ ላይ ይለየናል፦ ታንኳ ቆሞም ይንሳፈፋል፣ ስኪ ግን ሲቆም ይሰምጣል። ስኪን የሚያወጣው ከሥሩ የሚገፋው በረዶ ነው፣ በረዶው የሚገፋውም ፍጥነት ሲኖር ነው። ሮከሩም ወርዱም የሚሠሩት የሚያስፈልገውን ፍጥነት መቀነስ ነው። አሁን ወደ ኋላ የተደገፈውን ሰው ተመልከቱ። ጅራቱ ይሰምጥና ፍሬን ይሆናል። ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ሲወርድ የበለጠ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ የበለጠ ይደገፋል። አፍንጫው ላይ ጫና ስለሌለ ስኪው አይታዘዝም፤ ጭኑም ከአሥር መታጠፊያ በኋላ ይቃጠላል። ወደ ኋላ ተቀምጦ እየወደቀ ራሱን ሊያድን የሚታገል ሰው ጉልበቱ ውስጥ ያለውን የፊት መስቀለኛ ጅማት ለአደጋ ያጋልጣል። እዚህ ላይ ማሰሪያው ያድነኛል ብላችሁ አትተማመኑ፤ የመልቀቂያው ሥርዓት በዋነኛነት የተሠራው የቅልጥም አጥንት እንዳይሰበር ነው።

ያ ምክር ቀጭንና ቀጥ ባለ ስኪ ዘመን ምክንያት ነበረው፤ አፍንጫው እንዳይጠልቅ የሚያደርግ ሌላ ነገር አልነበረማ። የሮከር ጥቅሙ መሃል ላይ ለመቆም ማስቻሉ ነው። ሮከር ገዝቶ ወደ ኋላ መደገፍ ጃንጥላ ገዝቶ ዘቅዝቆ እንደ መያዝ ነው።

በዱቄት በረዶ ላይ መተማመን የሚገነባው መሃል መቆምን እግር ሲለምደው ነው፤ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የተጠቀጠቀ መስመር ላይ ያረፈ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ትኩስ በረዶ ፈልጉ፤ ጠዋት በመስመሩ ዳርና ዳር ይገኛል። ከታች ጠንካራ ወለል ስላለ እግር አይደነግጥም። ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ግድም ይሁን። ጀማሪ የሚሳሳተው በጣም ለጥ ያለ ቦታ መርጦ ነው፤ ፍጥነት ስለማይኖር ስኪው ይቆማል፣ እሱም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ሳትታጠፉ ቀጥ ብላችሁ ውረዱና በቁርጭምጭሚትና በጉልበት ሦስት አራት ጊዜ ጫን፣ ለቀቅ አድርጉ። በረዶው ሲጫኑት እንደሚመልስ የሚሰማችሁ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በዚያው ምት ላይ መታጠፍ ጨምሩ።

ከተጠቀጠቀ መስመር የመጣ ልማድ እዚህ ያጣላል፦ እዚያ ክብደት የሚያርፈው በውጭው እግር ላይ ነው። ዱቄት ላይ እንዲያ ካደረጋችሁ የውጭው ስኪ ይጠልቃል፣ የውስጡ ከላይ ይቀራል፣ እግሮችም ይለያያሉ። ስለዚህ እግሮቻችሁን ቀረብ አድርጉ፣ ክብደቱን እኩል አካፍሉ፣ እንደ አንድ ሰፊ ስኪ ቁጠሯቸው። መታጠፊያውን አታስገድዱት፤ ከአንድ እስከ ሦስት እስክትቆጥሩ ጠብቁት፣ ይመጣል። እጅ ሁልጊዜ ከፊት ይሁን። የዱላው ቅርጫት (ከጫፉ አጠገብ ያለው ክብ) ሰፊ ካልሆነ ዱላው እስከ እጀታው ይገባል፣ ትከሻንም ይዞ ይሄዳል።

ስኪ ከወለቀ ከቆማችሁበት በላይ፣ ከወለቀበት ቦታ ጀምራችሁ ፈልጉ፤ በሌላው ስኪ ጅራት በረዶውን እየከፈላችሁ። ብዙ ሰው ከታች ሲቆፍር ይውላል። ሁለት ሜትር ገደማ ደማቅ ጥብጣብ ማሰሪያው ላይ አስሮ በሱሪው እግር ውስጥ ማስገባት ርካሽ መፍትሔ ነው። ማሰሪያው እንዳይለቅ ቁጥሩን ማክረር ግን መፍትሔ አይደለም፤ ቁጥሩ ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከጫማ ሶል ርዝመትና ከአነዳድ ዓይነት ተሰልቶ የሚወጣ ስለሆነ ለባለሙያው ተዉት።

ለፍሪስታይል መናፈሻው፣ ማለትም ለዝላይ፣ ለሳጥንና ለብረት ሐዲድ ለተሠራው ቦታ፣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ወገቡ ከ85 እስከ 95 ሚሊ ሜትር፣ ከጫማው ሥር ካምበር፣ ማሰሪያው ከስኪው እውነተኛ መሃል እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ። ጅራቱ ረዥም ሮከር ካለው ከዝላይ ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ስታርፉ የሚይዛችሁ ነገር የለም፤ ትቀመጣላችሁ። ያንኑ ወደ መሃል የተገጠመ ስኪ ዱቄት ውስጥ ብታስገቡት ደግሞ ከፊት ያለው አፍንጫ ስላጠረ ይጠልቃል፤ የዱቄት ስኪ ላይ ማሰሪያው ከመሃል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ የሚገጠመው ለዚህ ነው። መጀመሪያ በቀላል መስመር ወደ ኋላ መሄድን ልመዱ፣ ከዚያ ትንሿ ዝላይ፣ ከዚያ ሰፊው ሳጥን። ሳጥኑ ላይ በጠርዝ መቆም የለም፤ ሆዱን ዝርግ አድርጉ። ለብረቱ ሐዲድ ብላችሁ ከጫማው ሥር ያለውን ጠርዝ ካደነዘዛችሁት በግግር በረዶ ላይ እንደማይዝላችሁ አትርሱ።

ሳይጠየቅ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ዱቄት ፍለጋ ከጥበቃው ገመድ ውጭ መውጣት ሌላ ትምህርት ነው። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው፤ ማለትም ለዱቄት በሚያምረው ላይ። ገመዱ ውስጥም ቢሆን፣ በተለይ ሲያትል አጠገብ እንደ ስቲቨንስ ፓስ ባሉ በረዶ የሚከመርባቸው ቦታዎች፣ ጥድ ሥር የሚፈጠረው ልል ጉድጓድ ሰውን በጭንቅላቱ ይውጣል። ጓደኛ ከዓይን አይራቅ።

ምርጫው ቦታውንም ያያል። ዴንቨር በኩል ያለው የኮሎራዶ በረዶ ደረቅና ቀላል ነው፤ ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 75 ኪሎ ለሆነ መካከለኛ ተንሸራታች ወገቡ 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ርዝመቱ ከ176 እስከ 182፣ ከፊት 30 ሴንቲ ሜትር ሮከር ያለው ስኪ ከመናፈሻም ከዱቄትም ያስማማዋል። ሲያትል በኩል ያለው እርጥብና ከባድ ነው፤ እዚያ ከወርዱ ይልቅ የአፍንጫው ሮከር ይጠቅማል፣ ከባድ በረዶ ዝርግ አፍንጫን ይዞ ይጠመዝዛልና። ሄርሞን ተራራ ላይ ለሚንሸራተት ሰው ወቅቱ አጭር፣ መስመሩም በአብዛኛው የተጠቀጠቀ ስለሆነ ካምበር ይበቃዋል።

ሱቅ ስትገቡ «ሮከር አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ዛሬ ሁልጊዜ «አዎ» ነው ማለት ይቻላል። «ከፊት ስንት፣ ከኋላ ስንት ሴንቲ ሜትር?» በሉ። ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ ደግሞ ጫማው ይቅደም፣ ሶሉም ከማሰሪያው ጋር የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ። ስኪው ይከራያል፤ ያውም ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን ሞክሮ መመለስ በሚፈቅድ ቦታ።