ዳኛ በሌለበት ጠረጴዛ፦ በትንንሽ ምስሎች የጦርነት ጨዋታ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1824 በፕሩሲያ ጦር ውስጥ በመኮንኑ ራይስቪትዝ ደንብ መልክ ሲይዝ፣ በሁለቱ ተፋላሚዎች መካከል ዳኛ ይቀመጥ ነበር፤ የሁለቱን ትእዛዝ የሚቀበለውም ሆነ የደረሰውን ጉዳት የሚወስነው እርሱ ነበር። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን ዋርሃመር 40,000 ወይም ተመሳሳይ ጨዋታ ለመጫወት በትንንሽ የወታደር ምስሎች ፊት የሚቆሙ ሁለት ሰዎች ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን ናቸው። ርቀቱን የሚለኩት፣ ዳይሱን (ውጤትን በዕድል ለመወሰን የሚወረወሩትን ባለ ነጥብ ኩቦች) የሚቆጥሩትና ሕጉን የሚተረጉሙት ራሳቸው በመሆናቸው፣ ሥነ ምግባር የቀረውን ዳኛ ሥራ የሚተካ አሠራር ነው። ስለዚህ አሠራር ከሚነገሩት ነገሮች መካከል ብዙዎቹ የተሳሳቱ ናቸው።

«ለማሸነፍ የሚጫወት ሰው ጨዋ ሊሆን አይችልም።»

ሠራዊቱን አስቦ መርጦ የተጋጣሚውን ስሕተት ሁሉ የሚጠቀምበት ተጫዋች ፍጹም ጨዋ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ለማሸነፍ ደንታ የሌለው፣ ነገር ግን የራሱን ሠራዊት ደንብ ሳያነብ መጥቶ ስልኩን እያየ የሚጫወት ሰው የሌላውን ጊዜ ያባክናል። ቅሬታ በአብዛኛው የሚፈጠረው አንዱ ለውድድር የሚሆን ብርቱ ሠራዊት፣ ሌላው ደግሞ ለመዝናኛ የተሰባሰበ ሠራዊት ይዘው ሳይነጋገሩ ሲገናኙ ነው፤ መድኃኒቱም ምስሎቹ ከሣጥን ከመውጣታቸው በፊት ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚፈልጉ መነጋገር ነው።

«ተጋጣሚዬ ካልጠየቀኝ የመናገር ግዴታ የለብኝም።»

ይህ ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርስ አመለካከት ይመስለኛል። እያንዳንዱ ሠራዊት የራሱ ልዩ ደንቦች ስላሉት ሁሉንም በቃሉ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለማያውቁት ነገር መጠየቅም አይቻልም። ስለዚህ መልካም ተጫዋች ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሠራዊቱን ዝርዝር ያሳያል፤ የትኛው ቡድን ዘግይቶ ከመጠባበቂያ እንደሚገባና የትኛው በተጋጣሚው ተራ መተኮስ እንደሚችል ሳይጠየቅ ያስረዳል። ተጋጣሚው ይህን እያወቀ መንገዱን ክፍት ከተወ ስሕተቱ የራሱ ነው፤ ሳያውቅ ከተወው ግን የተገኘው ድል ማን የተሻለ እንዳሰበ አይናገርም። ዕቅድን መደበቅ የጨዋታው አካል ሲሆን፣ ደንብን መደበቅ ግን አይደለም።

«የሚቆጠረው ሜትሩ ያሳየው ብቻ ነው።»

ምስሎች በእጅጌ ይነካሉ፣ ተዳፋት ላይ ይንሸራተታሉ፣ ጠረጴዛም ይገፋል። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዷን ሚሊሜትር እንደ ማስረጃ መቁጠር ማለቂያ የሌለው ክርክር ይወልዳል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ሐሳባቸውን ጮክ ብለው የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው፦ «ይህን ቡድን ከታንክህ እይታ ውጭ እያቆምኩት ነው፤ ትስማማለህ?» ሁለቱም ወዲያውኑ አይተው ከተስማሙ፣ በኋላ የአንዱ ምስል የጦሩ ጫፍ በግድግዳው ጥግ ብቅ ቢል እንኳ ስምምነቱ ይጸናል። እርግጥ ሐሳብን መናገር ርቀትን አይፈጥርም፤ 6 ኢንች የሚራመድ ወታደር ስለተፈለገ ብቻ 7 ኢንች አይደርስም። ደጋግሞ መለካትን እንደ ነውር የሚያዩም አሉ። በቀድሞዎቹ የዋርሃመር 40,000 የደንብ እትሞች ተጫዋቹ ርቀትን በዓይኑ መገመት ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ስድስተኛ እትም ወዲህ ግን በማንኛውም ጊዜ መለካት ተፈቅዷል።

«ጨዋ ሰው ተጋጣሚው እንቅስቃሴውን ለመመለስ ሲጠይቅ ሁልጊዜ ይፈቅዳል።»

መለኪያው ደግነት ሳይሆን አዲስ መረጃ ነው። አንድ ሰው ቡድኑን ማንቀሳቀስ ረስቶ ከሆነና ከዚያ ወዲህ ምንም ዳይስ ካልተወረወረ፣ እንዲያንቀሳቅስ መፍቀድ ማንንም አይጎዳም። ዳይሱ ከተወረወረና ውጤቱ ከታየ በኋላ ግን መመለስ ዕድልን ሁለት ጊዜ እንደመሞከር ይሆናል። ለጀማሪ ከዚህ የሰፋ ትዕግሥት ይገባዋል፤ ሆን ብሎ መሸነፍ ግን እርዳታ አይደለም፣ ምክንያቱም ጀማሪው የትኛው ውሳኔው ጥሩ እንደነበረ ሳያውቅ ይቀራል። በአነስተኛ ሠራዊት መጀመርና ከእያንዳንዱ ውሳኔ በፊት ያሉትን አማራጮች ማስረዳት ይሻላል።

ዳይስን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ምን ለማግኘት እንደሚወረወር አስቀድሞ ይነገራል፤ ያልተሳኩት ተነሥተው የተሳኩት ተጋጣሚው እስኪያያቸው በጠረጴዛው ላይ ይቆያሉ፤ ዘንበል ብሎ የቆመ ወይም ወለል ላይ የወደቀ ዳይስ እንደገና መወርወር አለመወርወሩ ከመጀመሪያው ይወሰናል። የሰው ምስልም ሳያስፈቅዱ አይነካም።

«የቼዝ ሰዓት መጠቀም ተጋጣሚን አለማመን ነው።»

እያንዳንዱ ቡድን እንደ ጥንካሬው በነጥብ ይተመናል፤ ድምራቸው 2,000 ነጥብ የሆኑ ሠራዊቶች በሚገናኙባቸው ውድድሮች ለአንድ ጨዋታ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 3 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ጨዋታው 5 ዙሮች አሉት። አንዱ 2 ሰዓት ከወሰደ ሌላው በቀረው አንድ ሰዓት ዕቅዱን መፈጸም አይችልም፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ነጥብ ለመሰብሰብ የተዘጋጀ ሠራዊትም ሳይሸነፍ ይሸነፋል። የእያንዳንዱን ተጫዋች ጊዜ ለየብቻ የሚቆጥረው የቼዝ ሰዓት ለሁለቱም እኩል ጊዜ ይጠብቃል፤ ተጋጣሚው የመከላከያ ዳይሱን በሚወረውርበት ጊዜም ሰዓቱ ወደ እርሱ ይዞራል። ሆን ብሎ ማዘግየት ከማጭበርበር እንደማይለይ ብዙ ተጫዋቾች ይስማማሉ፤ እኔም በዚህ አምናለሁ።

«ምስሎቹ ቀለም ያልተቀቡ ሠራዊት ይዞ መምጣት ንቀት ነው።»

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዋርሃመር 40,000 ዘጠነኛ እትም በጨዋታው ከሚገኘው 100 ነጥብ 10ሩን ሠራዊቱ ሙሉ በሙሉ ለተቀባለት ተጫዋች ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ ቀለም ዋጋ አለው። ነገር ግን ምስሎቹን ገና በመቀባት ላይ ያለውን ሰው በሰው ፊት ማሳፈር ከየትኛውም ደንብ አይመነጭም።

«ዳኛ መጥራት ተጋጣሚን መክሰስ ነው።»

በውድድር ላይ ዳኛ የሚጠራው ሁለት ቅን ሰዎች አንዱን አንቀጽ በተለያየ መንገድ ሲያነቡ ነው። ሁለቱም የተከሰተውን በየተራ ይናገራሉ፣ ምስሎቹን ሳያንቀሳቅሱ ይጠብቃሉ፣ ውሳኔውንም ተቀብለው ይቀጥላሉ። ዳኛ በሌለበት ቤት ደግሞ መልሱ በጥቂት ደቂቃ ካልተገኘ ዳይስ ወርውሮ መወሰን የቆየ ልማድ ነው፤ ትክክለኛው ንባብ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሁለቱም በተገኙበት ከመጽሐፉ ይፈለጋል።