ፕሬስባዮፒያ ምንድን ነው? ከ40 ዓመት በኋላ ስልክ የሚያስርቀን ነገር

ከ40 ያለፈ ሰው መልእክት ሲገባለት ልብ ብላችሁ እዩት። ስልኩን ወደ ዓይኑ አያቀርብም፤ ክንዱን ዘርግቶ ያርቀዋል። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ እምቢ ስትለው ወደ መስኮት ይጠጋል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባትማ ለልጆች ተትቷል። የዚህ ሁሉ ስሙ ፕሬስባዮፒያ ነው። በሽታ አይደለም። ዕድሜ ያመጣው ነው፤ ሀብታም ደሃ አይልም።

ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ኮርኒያን ነው። የዓይን ባንክ «የዓይን ብሌን» እያለ የሚያስለግሰን ጥርት ያለው የፊት ሽፋን ማለት ነው። ብርሃኑን አጥፎ ወደ አንድ ነጥብ ከመሰብሰቡ ሥራ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የእሱ ነው። ግን ቅርጹን አይለዋውጥም። እንደ ርቀቱ የሚያስተካክለው ከኋላው ያለው ሌንስ ነው።

ሌንሱ በዙሪያው ካለ ጡንቻ ጋር በቀጫጭን ጅማቶች ተያይዟል። ሩቅ ስናይ ጡንቻው ዘና ይላል፤ ጅማቶቹ ይወጠሩና ሌንሱ ጠፍጠፍ ይላል። ቅርብ ስናይ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ጅማቶቹ ይላላሉ፤ ሌንሱም ሞላ ይላል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ ይህን ያብራራው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው።

ችግሩ ሌንሱ ዕድሜ ልኩን ማደጉን አለማቆሙ ነው። እንደ ሽንኩርት በላይ በላዩ አዲስ ሽፋን ይደርባል፤ አሮጌው ግን የትም አይሄድም፤ ወደ መሃል እየታመቀ ይደድራል። የደደረ ሌንስ ደግሞ ጡንቻው ቢታገልም እንደ ድሮው ሞላ አይልም። የ10 ዓመት ልጅ ከዓይኑ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ነገር አጥርቶ ያያል። 60 ላይ ይህ ችሎታ ከሞላ ጎደል አልቋል። ቅነሳው ከልጅነት የጀመረ ነው፤ 40ዎቹ ላይ የሚታወቀን አጥርተን የምናይበት ቅርብ ርቀት እየራቀ ሄዶ መጽሐፍ የምንይዝበት ላይ ስለሚደርስብን ብቻ ነው።

መስኮቱስ ለምን ይረዳል? ብርሃን ሲበዛ ጥቁሩ የዓይን ቀዳዳ ስለሚጠብ ብዥታው ይቀንሳል።

ከማዮፒያ ጋር አታምታቱት። ማዮፒያ ሩቅ አላሳይ የሚለው ነው፤ መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ማለቱ ነው። ማዮፒያ ያለበት ሰው 50 ሲሞላው መነጽሩን አውልቆ ጋዜጣ ሊያነብ ይችላል። እኩዮቹ ይቀኑበታል።

«መነጽር ከለመድኩ ዓይኔ ይሰንፋል» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። እውነት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠንከር ያለ መነጽር የሚያስፈልገው ሌንሱ መደደሩን ስለቀጠለ ነው፤ መነጽር ባያደርግም መቀጠሉ አይቀርም ነበር። ለኩራት ብሎ ዓይንን አጨንቁሮ መዋል ራስ ምታት ከማትረፍ ሌላ ጥቅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በህንድ አሳም ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ሰጥቶ ነበር። የሚለቅሙት መጠን መነጽር ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ። ለአንድ ርካሽ መነጽር ይህ ቀላል አይደለም።

ከመንገድ የሚገዛው ዝግጁ መነጽር ዓይን አያጠፋም። ነገር ግን ሁለቱም መስታወቱ እኩል ቁጥር ነው፤ የሁለቱ ዓይኖቻችሁ አቅም ከተለያየ አይመቻችሁም። ለመነጽር ሐኪም ጋ መሄድ ሌላም ትርፍ አለው፦ የዓይን ግፊት ይለካላችኋል። ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚያያዘው ግላኮማ የተባለ በሽታ ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም፣ ሳይታወቅ ከዳር ጀምሮ እይታን የሚሰርቅ ነውና፣ በዚህ ዕድሜ መመርመር ያዋጣል።

አንዳንዴ ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ወይም አባት በድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ይጀምራሉ። ቤተሰቡ «ዓይናቸው ተመለሰ!» ብሎ እልል ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የዓይን ሞራ እየጀመረ ነው። የሌንሱ መሃል ሲደድር ብርሃን የማጠፍ ኃይሉ ስለሚጨምር ቅርቡ ይጠራል፤ በምትኩ ሩቁ ይደበዝዛል። ሞራው ሲጠና ቅርቡም ይሄዳል። ያኔ በቀዶ ሕክምና ሌንሱ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል። የተለመደው ሰው ሠራሽ ሌንስም ሞላ ጠፍጠፍ ማለት ስለማይችል፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ አብዛኛው ሰው ለማንበብ መነጽሩን እንደገና ይፈልጋል።